ገመዱን አትልቀቂ

እኔ በሬ አልወድም፤ ከመጀመሪያው ይታወቅልኝ። ሥጋውን አልበላም አላልኩም፣ ውሸት ምን ያደርጋል። በቁሙ ሲመጣ ግን ዞር በልልኝ ነው የምለው። ይህን የምለው ደግሞ በበሬ ያደግኩ ሴት ሆኜ ነው። የለበስኩት፣ የተማርኩበት፣ የመጀመሪያዋ እስክሪብቶዬ ሳትቀር ከበሬ የመጣች ናት። አባቴ በሬ መራጭ ነበር።

በሬ መራጭ ማለት ደላላ ማለት አይደለም። ደላላ ብሎ የጠራውን ሰው አባቴ ሳምንት ያኮርፈዋል። ደላላ አፉን ነው የሚያሠራው፤ አባቴ የሚያሠራው እጁን ነበር። የካዛንቺስና የኡራኤል ባለ ሉካንዳዎች በማለዳ ቄራ ገበያ ይዘውት ይወርዳሉ። እሱ በሬው ጎን ይቆምና የጭራውን ሥር በሁለት ጣቱ ጨበጥ፣ ጎድኑን ዳበስ፣ ፍሪምባውን ከሥር መዘን ያደርጋል። ከዚያ «ይሄ ስብ አለው» ወይም «ይሄ ውሃ ነው» ይላል። ውሃ ነው ማለት ነጋዴው ጨው አልሶ፣ ውሃ አጠጥቶ፣ ሆዱን ነፍቶ ያቆመው በሬ ነው ማለት ነው። «በሬን በዓይኑ የሚገዛ ሰው ሚስትም በፎቶ ያገባል» ይል ነበር።

አሁን ቄራ ሲባል ለብዙ ሰው የታክሲ መውረጃ ነው። ያኔ ግን ከቦረና፣ ከሐረር፣ ከወሎ፣ ከጅማ የተነሳ ከብት የሚገባበት ገበያ ነበር። መንጋው አስፋልቱን ሞልቶ ሲመጣ ታክሲ ይቆማል፣ አውቶቡስ ይቆማል፣ ባለሥልጣንም በመርሴዲሱ ውስጥ ይቆማል። ጥሩምባ ቢነፋ በሬ ምን ገዶት! እኛ ተማሪዎች ግድግዳ ላይ ተለጥፈን እናሳልፋለን። በገበያው ዙሪያ ደግሞ ሌላ ከተማ ነበረ፤ ገመድ ሻጭ፣ ድርቆሽ ሻጭ፣ ዱላ ብቻ የሚሸጥ ሰውዬ፣ የከብት ነጂዎችን ጫማ በጎማ የሚጠግን፣ ቀንድ ገዝቶ ማበጠሪያና ቁልፍ የሚሠራ። የአባቴ የዘወትር ካፖርት ቁልፎች ከዚያ ሰውዬ የተገዙ የቀንድ ቁልፎች ናቸው። ከላይ አሞራ፣ ከታች ጭቃ፣ መሀል ላይ ሁሉም ሰው እየጮኸ ሻይ ይጠጣል።

እኔ ግን አፍር ነበር። ትምህርት ቤት «ቄራ ቄራ ትሸቻለሽ» ያለችኝን ልጅ ፀጉሯን ይዤ ጎትቻታለሁ፤ በሱ እስከ ዛሬ አልጸጸትም። የምጸጸተው በማታው ነው። አባቴ ከሥራ ገብቶ ጉንጬን ሊነካኝ እጁን ሲዘረጋ ሸሸሁና «መጀመሪያ ታጠብ» አልኩት። ሄዶ ታጠበ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እጁን ሳይታጠብ ነክቶኝ አያውቅም። የስምንት ዓመት ልጅ አፍ እንዲህ ነው፤ ይናገርና ይረሳል፣ ትልቅ ስትሆኚ ነው ተመልሶ የሚመጣብሽ።

ከዚያ ነገሩ ቀስ በቀስ ሆነ። መጀመሪያ ፎቆቹ መጡ። ፎቆቹ ውስጥ ሰዎች ገቡ። የገቡት ሰዎች መስኮት ከፈቱና «ኧረ ይሄ ሽታ ምንድን ነው?» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ይሸታል፤ እኔም ሳልል የቀረሁት ነገር አይደለም። ቀጥሎ ከብት በእግሩ እንዳይገባ ተባለና በመኪና ሆነ። ከብቱ በመኪና ሲሆን ነጂዎቹ ቀሩ። ነጂዎቹ ሲቀሩ ጫማ ጠጋኙ ቀረ፣ ዱላ ሻጩ ቀረ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ አባቴ እንደ ልማዱ ወርዶ የቆርቆሮ አጥር ጠበቀው። ገበያው ከከተማ ወጥቷል። በአጥሩ ጥግ የድሮውን ገመድ ሻጭ አገኘው፤ የሞባይል ካርድና ማስቲካ ይሸጣል።

ያን ቀን ቤት ገብቶ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። «ከተማ ሲያድግ መጀመሪያ የሚያስወጣው ያበላውን ነው» አለኝ። «ኧረ አባዬ፣ ዝንቡን ረሳኸው እንዴ?» አልኩት ላስቀው ብዬ። አልሳቀም። ባለ ሉካንዳዎቹም ብዙዎቹ ታርዶ በመኪና የሚመጣ ሥጋ መቀበል ጀመሩ፤ መራጭ ምን ያደርግላቸዋል? ለአባቴ የቀረለት የግቢያችን ቅርጫ ብቻ ሆነ። አሥራ ሁለት ቤት ነን፤ በመስቀልና በፋሲካ አንድ በሬ በጋራ ገዝተን፣ ግቢ ውስጥ አርደን፣ አሥራ ሁለት እኩል መደብ አድርገን በዕጣ እንካፈላለን። በሬውን የሚያመጣው እሱ ነበር። በዓመት ሁለት ቀን እንደ ድሮው ሰው ይሆናል።

ዓይኑ መጥፋቱን ያወቅኩት በካፖርቱ ነው። አንድ ጠዋት በሩ ላይ አንጠልጥዬው ነበር፤ አባቴ ብቅ አለና «እንደምን አደርክ? ግባ እንጂ» አለው። እኔ በሳቅ ፈረስኩ። እሱ ግን ወደ በሩ እንዳፈጠጠ «ለምንድነው የማይገባው?» አለኝ። ሳቄን አቋርጬ ካፖርቱን አወረድኩት። ሐኪም ቤት ስወስደው ዘግይታችኋል ተባልን፤ ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር ብዙም አያይም። በቃ እንዲህ ሆኖ ከርሟል፣ ለእኔ ሳይነግረኝ!

ተናደድኩ፣ ጮህኩበት፣ ከዚያ አለቀስኩ። እሱ ደግሞ የጨነቀው ሌላ ነበር። «ለግቢው ሰው እንዳትነግሪ» አለኝ። «በሬ መራጭ ዓይኑ ጠፋ ከተባለ አለቀለት።»

«አንተ በእጅህ አይደል እንዴ የምትመርጠው?»

«እሱን እኔ አውቃለሁ። ሰው የሚያምነው ግን ዓይን ነው።»

ማልኩለት። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሦስት ዓመታት የቅርጫ በሬ ሲገዛ አብሬው ሄድኩ። ኡራኤል አጠገብ ያለችኝን የፎቶ ኮፒ ቤት ዘግቼ፣ ከከተማው ጫፍ እስከተከፈተው አዲሱ ገበያ፣ ክንዱን ይዤ። ለሰው «እግሩን እያመመው ነው» እላለሁ። በሬዎቹ መሀል ካቆምኩት በኋላ የሚቀረው የእጁ ሥራ ነው። አንድም ቀን አልሳተም።

ከዚያ ሰፈሩ ይፈርሳል የሚል ወሬ መጣ፤ ወሬው ወረቀት ሆነ። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል፤ በእኛ ግቢ ግን የሚላስም አልነበረም፣ ሁላችንም ደንግጠን ቆምን። አንዱ ቤት በዚያኛው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሰው፣ ሌላው በዚህኛው፣ ሌላው የኪራይ ቤት ፍለጋ ወጣ። የቅርጫው ሰብሳቢ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። እሳቸው ሰውን ሰበሰቡና «መስቀልን እዚሁ ውለን እንውጣ» አሉ። «ይሄ ቅርጫ ካማረልን የትም እንሂድ የት በዓመት አንዴ ተጠራርተን እንቀጥላለን። በኩርፊያ ከተለያየን ግን ያው ነው፣ እኔም የባቡር ጓደኞቼን ሳላያቸው ነው የቀረሁት።»

አባቴ ይቺን ቃል ይዞ ሰነበተ። እኔ ዕቃ በካርቶን እሞላለሁ፣ እሱ ስለ በሬ ያወራል። «ለመጨረሻ ጊዜ እኔ ያመጣሁትን በልተው ይለያዩ» ይለኛል። «አፋቸው ላይ ጣሙ ከቀረ ይመጣሉ።»

በደመራው ዋዜማ ሄድን። ዝናቡ ገና ስላልወጣ አዲሱ ገበያ እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው። አባቴ አሥር በሬ ነካ፣ አሥሩንም «ውሃ» አለ። ነጋዴዎቹ ተሳሳቁበት፣ አንዱ «አባት፣ አሳ ነው የሚፈልጉት?» አለው። እሱ ወይ ፍንክች። ከዚያ ጎን ለጎን የታሰሩ ሁለት ቀያይ በሬዎች ጋ ደረስን፤ በእኔ ዓይን መንታ ናቸው። የመጀመሪያውን ነካውና አለፈው። ሁለተኛውን የጭራውን ሥር ያዘ፣ ጎድኑን ዳበሰ፣ ጫንቃው ላይ እጁን አሳረፈ። ፊቱ ሲበራ አየሁ፤ እንደዚያ ሲበራ ካየሁት ቆይቷል።

«ይሄ ነው» አለ።

ዋጋው አለቀ፣ እጅ ተመታ። አባቴ ገመዱን መዳፌ ውስጥ አስገባና ጣቶቼን በላዩ ላይ አጠፋቸው። «የአይሱዙውን ሹፌር እስካነጋግር ገመዱን አትልቀቂ። ገበያ ውስጥ የገዙትን በሬ ገመድ ከያዙ አይለቁም። ሰማሽ?»

«ሰማሁ፣ ሰማሁ። ሕፃን አደረግከኝ እኮ።»

ነጋዴው ራሱ ክንዱን ይዞ ወደ መኪናው ወሰደው። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ ስልኬ ጮኸ። ጎረቤታችን ናት፣ የወሎዋ፣ ሱቅ ያላት። «የምትክ ቤት ስም ዝርዝር ተለጥፏል፤ የእናንተ ስም የለም!» አለችኝ። ሰማይ ተደፋብኝ። ዓይነ ሥውር አባት ይዤ የት ልገባ ነው? መስመሩ ይቆራረጣል፣ በአንድ ጆሮዬ በሬ ይጮኻል፤ ስልኩን በአንድ እጄ፣ ሌላውን ጆሮዬን በሌላው እጄ መያዝ ነበረብኝ። አንድ ጎልማሳ «እህቴ፣ ልያዝልሽ» አለና ገመዱን ተቀበለኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬው ወደ አጥሩ ዞር አልኩ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለካ ለእኔ ነው!

ስሙ ሁለተኛው ወረቀት ላይ ተገኘ። ጎረቤቴ «እፎይ» ስትል ሰማኋት፣ እኔም እፎይ አልኩ። ስመለስ ጎልማሳው ፈገግ ብሎ «መኪናው ድረስ ላድርስልሽ» አለኝ፤ ገመዱ እጁ ላይ ነው። ጫፉ ላይ ቀይ በሬ አለ። እኔ ደግሞ ስለ በሬ የማውቀው ነገር ቢኖር ቀለሙን ነው። አባቴ ከመኪናው ሲጣራ ሰውዬው ጎትቶ ወሰደልኝ፣ ጫኑት፣ ተመለስን። ግቢያችን ስንደርስ እጄን ይዞ ከጋቢናው ወረደ። ጎረምሶቹ በሬውን ተቀብለው ቧንቧው ብረት ላይ አሰሩት። አባቴ ደክሞት ስለነበር በቀጥታ ገብቶ ተኛ፤ በማግስቱም ወገቡን አሞት ከአልጋ ሳይወርድ ዋለ።

የመስቀል ለት ማለዳ፣ አራጆቹ ገና ቢላዋ ሲስሉ፣ «ውሰጂኝና ልየው» አለኝ። ልየው ሲል ልንካው ማለቱ ነው። በሬው ጎን አቆምኩት። እጁ ጭራው ሥር ሄደ፣ ቆመ። ወደ ጎድኑ መጣ፣ ቆመ። ጫንቃው ላይ ሲደርስ ጣቶቹ አንድ ቦታ ላይ ተመላለሱ። ቀንበር ዕድሜ ልኩን ያሸው ቆዳ እንደ ተረከዝ ደርቆ ነበር። እርሻ ያደከመው፣ ጨው ያሳበጠው ሽማግሌ በሬ ነው።

«ይሄ የእኔ በሬ አይደለም» አለኝ ቀስ ብሎ።

እኔ ጎንበስ ብዬ የቀሚሴን ጫፍ አስተካከልኩ።

«ገመዱን ለቀሽ ነበር?»

ግቢው በሰው ተሞልቷል፣ ጎረቤቶቻችን አዲስ ልብስ ለብሰዋል፣ እሱ ደግሞ ሳምንት ሙሉ ጣሙ አፋቸው ላይ ይቅር ሲል የከረመ ሰው ነው። «አለቀቅኩም» አልኩት። አርባ ዓመት የሞላኝ ሴት ነኝ እንግዲህ። እንደ ልጅ ዋሸሁት።

«እሺ» አለኝ።

በዓል ነው፣ መመለሻ የለም፤ በሬው ታረደ። ቆዳው ሲገፈፍ የአራጆቹ ጨዋታ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። ሥጋው ጠቋቁሯል፣ ስብ የሚባል የለም፣ ሲቆርጡት ቢላዋው ያንገጫግጫል። ወንዶቹ ተያዩ። አንዱ ጎረቤታችን፣ ከመጀመሪያውም አፉ አያርፍም፣ «ጥሩ መሸኛ ነው! እንደ ሰፈሩ ሁሉ በሬውንም ያረጀ ሰጡን» አለ። ሌላው «ገንዘባችን የት ገባ?» ብሎ አጉረመረመ። የገባኝ ያኔ ነው፤ አባቴን በሬ አያውቅም ሊሉት አይደለም፣ በልቶብናል ሊሉት ነው። እኔ ልናገር አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ ከፍቼ ነበር።

አባቴ ቀደመኝ። ከወንበሩ ተነሳና «ስሙኝ» አለ። ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ነበር። «እኔ ዓይኔ አያይም። ሦስት ዓመቱ ነው። አፍሬ ደበቅኳችሁ። ነጋዴው በሬ ለውጦ ሰጥቶኛል፣ እኔ አላየሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጄ እግሩን ነው የሚያመው ያለቻችሁም እኔ አስምዬያት ነው፣ በእሷ አትዘኑ።»

እኔ «አባዬ፣ እኔ ነኝ...» ስል «አንቺ ዝም በይና ትሪውን አምጪ!» ብሎ ተቆጣኝ። በሰው ፊት ተቆጥቶኝ አያውቅም። እንደ ብረት የያዘውን ምሥጢር ለእኔ ብሎ አሥራ ሁለት ቤት ፊት አፈረሰው፤ እኔ ደግሞ ትሪ ላመጣ ገባሁ። ወጥ ቤት ውስጥ ትሪውን ታቅፌ መቆሜ ትዝ ይለኛል።

ስመለስ ጋሼ ከአባቴ ጎን ቆመው ትከሻውን ይዘውታል። «ሦስት ዓመት ሙሉ ሳያይ እንደዚያ ያለ ሰንጋ ሲያበላን የነበረ ሰው!» ይላሉ። «እኔ በሚያይ ዓይኔ ፍየልና በግ አልለይም። አንዴ ተሸወደ፤ ታዲያስ? ሥጋው ይቀቀላል።» አጉረምራሚውም አንገቱን ደፋ። ከዚያ መደቡ ተዘረጋ፤ ኮባ ላይ አሥራ ሁለት ቁልል። በእኛ ወግ እያንዳንዱ ሰው አንድ ምልክት ባርኔጣ ውስጥ ይጥላል፤ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ የክብሪት እንጨት፣ የጠርሙስ ክዳን። የቱ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ለዚህ ሁልጊዜ ከመንገድ ላይ አላፊ አግዳሚ ነበር የምንጠራው።

ጋሼ ባርኔጣውን አባቴ እጅ ላይ አኖሩት። «ከአንተ የተሻለ መንገደኛ ከየት እናመጣለን? አንተ ጣል» አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ አንዷ እልል አለች። አባቴም ሳቀ።

በሰው ዓይን አንድ ማየት የተሳነው ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ኮባ ላይ እየዳበሰ ነበር። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። እነዚያን ጣቶች አውቃቸዋለሁ። ምልክቱን ለማስቀመጥ መደቡን መንካት አለበት፤ በነካ ቁጥር ደግሞ ውስጡን ያውቀዋል። የጋሼን የባቡር ጣቢያ ቁልፍ ሲያገኝ አውራ ጣቱ ጥርሶቹን ቆጠረ፤ ቁልፉን ወስዶ ጭቅናው ያለበት ለስላሳ መደብ ላይ አኖረው። ጋሼ ጥርሳቸው አልቋል። በመጨረሻ የራሱ የቀንድ ቁልፍ እጁ ገባ፤ የካፖርቱን የታችኛዋን በጥሶ ነበር የጣላት። ያቺን ይዞ ወደ ኋላ ተመለሰና ቀንበር ያደረቀው ጫንቃ ያለበትን መደብ ፈልጎ አገኘ። እዚያ ላይ አስቀመጣት። በከተማው ውስጥ ከዚያ የተዛባ ዕጣ ወጥቶ አያውቅም፣ እኔ ምስክር ነኝ።

ጫንቃውን ሦስት ቀን ቀቅዬው አልበሰለም። አባቴ እያኘከ «ጣም አለው» ይለኛል። እኔ የምለውን ነገር ከሥጋው ጋር እውጠዋለሁ። በየቀኑ ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ። ዕቃ ስንጭን እነግረዋለሁ አልኩ፣ አልነገርኩትም። ቤቱ ሲፈርስ ቆርቆሮው ሲወርድ ድምፁን እየሰማ «ይሄ የማን ጣሪያ ነው?» ይለኝ ነበር፤ የእኛው ሲደርስ ሳልነግረው አወቀ። ያን ቀን ይነገራል? አይነገርም። አዲሱ ቤት ገባን፣ አራተኛ ፎቅ፣ ደረጃውን በእጁ እየቆጠረ ለመደው። ጉዳዩን ተሸክሜው አብሬ ወጣሁ።

ዘንድሮ መስቀል ሲቃረብ ጋሼ ደወሉ። «ቅርጫው በእኔ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ዕጣ ጣያችንን ይዘሽልን ነይ» አሉኝ። አባቴ ስልኩን ከእጄ ሊቀማኝ ምንም አልቀረው። ከአሥራ ሁለቱ ቤት ዘጠኙ መጡ፣ በሦስት ታክሲ ተቀባብለው የደረሱም አሉ። የጎደለውን ለመሙላት እኔም ለራሴ አንድ መደብ ገባሁ። በሬውን የገዙት ሁለት ወጣት ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ከመታረዱ በፊት አባቴን አስነኩት። ፍሪምባውን መዝኖ «ትንሽ ውሃ አለው፣ ግን ይበላል» አላቸው፤ እንደ ተሾመ ሰው ደስ አላቸው።

ባርኔጣው ዞረ። ሁሉም የየራሱን ጣለ። እኔ ጋ ሲደርስ ከቦርሳዬ አንድ ጣት የምታክል የገመድ ቁራጭ አውጥቼ ከተትኩ። ያ የቀዩ በሬ ገመድ ነው፤ ሰፈሩን ስንለቅ ካርቶን አስሬበት አብሮን መጥቶ ነበር። ማለዳ ተነስቼ በመቀስ ቆረጥኩት። በአፌ መናገር አቅቶኝ ዓመት አለፈ፤ እንግዲህ በእጁ ይስማኝ አልኩ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ ጀመረ። ሳንቲም አስቀመጠ፣ የጋሼን ቁልፍ እንደ ልማዱ ለስላሳ ቦታ አስቀመጠ፣ ክዳን አስቀመጠ። ከዚያ እጁን ባርኔጣው ውስጥ እንዳስገባ ቀረ። ገመዱን አወጣው። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል አንከባለለው፣ የተቆረጠውን ጫፍ ነካ፣ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው።

«ምነው ዘገየህ?» አሉ ጋሼ።

«ገመድ ነው» አለ አባቴ። «ገመድ ከያዙ አይለቁም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ እጁን ዘረጋ፣ ደም የነካው፣ ያልታጠበ እጁን። ጠጋ አልኩና ጉንጬን ሰጠሁት።

«ከመኪናው ስወርድ እኮ እጅሽን ይዤ ነበር» አለኝ በጆሮዬ። «ገመድ ገመድ አይሸትም ነበር። ዓመት ሙሉ ጠበቅኩሽ።»

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ዕጣውን መጣል ቀጠለ።